እርድ ፀሐይ አይችልም

ዓርብ ማታ ሰማዩ ከምድር ጋር ተጣልቶ ያደረገውን አድርጎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምንም እንዳላጠፋ ሰው ፊቱን ታጥቦ ወጣ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከስላይጎ ወንዝ ዳር ካለው አፓርትመንት ፊት ለፊት፣ አንድ ዕድሜ የጠገበ ዛፍ በማቲያስ ነጭ ቫን ላይ በደረቱ ተኝቷል። መብራት የለም። መንገዱ በግንድ ተዘግቷል። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2012፣ ወሩ ሰኔ ነው፤ ሙቀቱ ገና ከማለዳው ያንቃል።

ብሩህ ደረጃው ላይ ቆሞ ቫኑን አየ። ከዚያ ግድግዳ ያስደገፈውን ሰሌዳ አየ። ከዚያ እንደገና ቫኑን አየ፤ በሁለተኛው እይታ የሚሻሻል ነገር ያለ ይመስል።

ማቲያስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኢንሹራንሶቹን ይጠብቃል። «ሆልድ አድርገውኛል» አለ። «ዛሬ የትም አልወስድህም ወንድሜ። ቫኑ እንደምታየው ጭነት ይዟል።»

ሰሌዳው ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ፣ ጀሶ የተለሰነ ሳንቃ ነው። በላዩ ላይ አንድ የጥንት ግብጽ ሹም በቄጠማ ጀልባ ቆሞ ረግረግ ውስጥ ወፍ ያድናል፤ ከኋላው ዘንባባ ቆሟል፣ ከሥሩ ዓሣ ይርመሰመሳል። ብሩህ በዚህ ሥዕል ላይ ስምንት ወር ሠርቷል። ያሠራችው ወይዘሮ ትህትና ናት፤ የግብጿን እስክንድርያ ስም በወረሰችው፣ እዚሁ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምእመናንን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብጽ የምታጓጉዝበት ቢሮ ዛሬ ከሰዓት አራት ፒኤም ላይ ትከፍታለች። ቢሮው ስምንት ግድግዳ አለው። አንዱን ለናሙና ሁለት ሰዎች እንዲያስጌጡት ጠየቀች፤ ብሩህንና፣ ፎቶ በትልቅ ላስቲክ ላይ እያተመ የሚለጥፈውን ቴዎድሮስን። እንግዶቹ ሲገቡ ግድግዳው ላይ ተገኝቶ የወደዱት፣ ሰባቱ ግድግዳ የሱ ነው። ያልተገኘ አልተገኘም።

ብሩህ ካልተገኘ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ይገባል። አጎቱ ተናግሮ ጨርሶለታል፤ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ትኬት መቀበል። «ፈርዖኖች እንኳ እንዲህ ያለ ቦታ የገቡት ከሞቱ በኋላ ነው» ብሎ ነበር ብሩህ፤ በሆዱ። ብሩህ አብዛኛውን ነገር የሚናገረው በሆዱ ነው።

አጎቱ «ቀለም አይገባውም» ይለዋል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ ስላልረገጠ። ቀለም ግን ገብቶት ነበር፤ ሌላኛው ቀለም። በበረዶው ወራት ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ተወሽቆ ስለ ግብጽ መቃብሮች አንብቧል። ዛሬ በግድግዳዎቹ ላይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ቅጠል ብዙው ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ ከመዳብ የተሠራ አረንጓዴ በዘመን ብዛት ይጠወልጋል። ዛሬ የነጣው ጌጥ ድሮ ወርቅ የመሰለ ቢጫ ነበር፤ ኦርፒመንት የሚሉት ቢጫ ድንጋይ ብርሃን ሲነካው ይገረጣል። ሰማያዊው አንዳንድ ቦታ ወደ አረንጓዴ፣ አንዳንድ ቦታ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ቀይና ጥቁሩ ብቻ ንቅንቅ አይሉም፤ አንዱ አፈር፣ አንዱ ጥላሸት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚሆኑት የላቸውም።

ይህን ሲያነብ ሰው የበደለው ያህል ተናደደ። ስለዚህ ወይዘሮ ትህትና በስልክ «ጥንታዊ ይሁንልኝ» ስትለው፣ ሠዓሊው ብሩሹን ያስቀመጠ ዕለት እንደነበረው አድርጎ ሣለው። ኦርፒመንት አርሴኒክ ያለበት መርዝ ነው፤ ስለዚህ የሹሙን ሐብልና የሥዕሉን መደብ በሙሉ ከሐበሻ ሱቅ ባመጣው እርድ ቀባ። አረንጓዴውን ከጎመን ጨመቀ። ቀዩን ከስላይጎ ዳር አፈር፣ ጥቁሩን ከድስት ቂጥ አገኘ። ሰማያዊውን ብቻ ገዛ። ሥዕሉ ሲያልቅ ዓይን ይወጋ ነበር።

ማቲያስ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረና፣ ብላደንስበርግ የሚባል ሰፈር፣ ወንዙ ላይ የታሰረች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ እንዳለችው አስታወሰው። ሞተሯ ባዶ ነው፤ ማደያዎቹም መብራት ስለሌላቸው ነዳጅ አይቀዱም። መቅዘፊያ ግን አላት።

ብሩህ ካርታውን ዘረጋ። ከአፓርትመንቱ ጓሮ የሚፈሰው ስላይጎ ወርዶ ወርዶ አናኮስቲያ ይገባል፤ አናኮስቲያ ፖቶማክ ይገባል፤ ፖቶማክ አሌክሳንድሪያን እየታከከ ያልፋል። እንደ ልማዱ በሆዱ ሊናገር ሲል አፉ አመለጠው፦

«ልክ እንደ አባይ! ከጓሮዬ ተነስቶ እስክንድርያ ይገባል።»

አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ገብረየስ ቀና አሉ። ከደብረ ታቦር ከመጡ አራተኛ ወራቸው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ከልጃቸው ከየዓለምዘርፍ ጋር ይኖራሉ፤ አሜሪካ እስካሁን ያሳየቻቸው ይህን አግዳሚና ሊፍቱን ነው።

«እስክንድርያ ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ። ዛሬ መድረስ አለብኝ።»

ሽማግሌው አንድም ጥያቄ ሳይጨምሩ ገብተው ወጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አንግተዋል፤ ከደረት ኪሳቸው ፓስፖርታቸው ብቅ ብሏል። ብሩህ ፓስፖርቱን አየ፤ ሊያስረዳቸው አሰበ፤ ሰሌዳውን ብቻውን ማንሳት እንደማይችል ሲያስብ ደግሞ ማስረዳቱን አዘገየው።

ሰሌዳውን ባለቤት ባጣ የግሮሰሪ ጋሪ ላይ ጭነው የስላይጎን ዳር ተከትለው ወረዱ። የትናንቱ ነፋስ ጫካውን አርሶታል። በየመቶ እርምጃው ግንድ ተጋድሟል፤ ሰሌዳውን ያወርዳሉ፣ ያሻግራሉ፣ ጋሪውን ያሻግራሉ፣ እንደገና ይጭናሉ። አንድ ቦታ መንገዱ ጨርሶ ስለጠፋ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሰሌዳውን በአናታቸው ተሸክመው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ውሃው ጉልበት ይገፋል። ጋሽ ገብረየስ ከፊት ሆነው «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያሉ ይተርታሉ፤ ብሩህ ከኋላ ሆኖ፣ ግንዱ እሱ ይሁን ሰሌዳው ለማወቅ እየሞከረ ይከተላል።

ታኮማ ፓርክን እንዳለፉ ሊያርፉ ሰሌዳውን ዛፍ አስደግፈው ጀርባቸውን አዞሩ። ዳቦ ቆሎው ገና ጥርስ ሳይነካ፣ ከኋላቸው «ላፕ፣ ላፕ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብሩህ ሲዞር አንዲት አጋዘን የፈርዖን ዘመኑን ዘንባባ እየላሰች ነው። ጎመን ጎመን ነው፤ ሦስት ሺህ ዓመት ወደኋላ ቢጎትቱትም ለአጋዘን ጎመን ነው። ብሩህ ጮኾ ሮጠ፤ አጋዘኗ ግን የዚህ ሰፈር ተወላጅ ስለሆነች ሰው አትፈራም፤ አንድ እርምጃ ሸሸችና ማላመጧን ቀጠለች። የሄደችው ጋሽ ገብረየስ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲመቱ ነው። ከዘንባባው ግንዱና ሁለት ዝንጣፊ ቀረ።

«የጾም ነው የመሰላት» አሉ ሽማግሌው፤ ለማጽናናት ነበር።

ብላደንስበርግ ደርሰው ጀልባዋን ሲያገኟት ሌላ ጦር ቆሞ ጠበቃቸው። ጫጩቶቻቸውን የያዙ ዝይዎች መውረጃውን ዘግተዋል። ትልቁ ወንዴ አንገቱን እንደ እባብ ዘርግቶ እየፎጨ መጣና ብሩህን ከታፋው ነከሰው። ብሩህ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሰሌዳውን አልለቀቀም። ጋሽ ገብረየስ ዳቦ ቆሎ በእፍኛቸው በተኑ፤ ሠራዊቱ ወደ ቆሎው ዞረ፤ እነሱም ሰሌዳውን ጀልባዋ ላይ ወርውረው ገመዷን ፈቱ።

ሰሌዳው ለጀልባዋ ረዘመባት። ፊቱን ወደ ታች እንዳያደርጉት ወለሉ ውሃ አቁሯል፤ ወደ ላይ አጋደሙት። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመጣ ግን ሳንቃው እንደ ክንፍ ብድግ አለ።

«ተቀመጡበት ጋሼ! ይቅርታ፣ ይቀመጡበት!»

ጋሽ ገብረየስ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አነጠፉ፤ «በስመ አብ» ብለው ከሥዕሉ መሐል፣ ቢጫው መደብ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘረጉ፣ ዱላቸውን ጎናቸው አጋደሙ። ሰሌዳው ጸጥ አለ።

ብሩህ ቀዘፈ። ባሕሩ ከሩቅ ሸሽቶ የወንዙን ውሃ ወደ ታች እየሳበው ስለነበር ወንዙ ራሱ አገዛቸው። ሁለቱ ዳር ቄጠማ ነው፤ ከቄጠማው ኋላ የሰው ጭንቅላት የሚያህሉ ሮዝ የሎተስ አበቦች ቆመዋል፤ አንድ ግራጫ ሳቢሳ በአንድ እግሩ ያንቀላፋል። ጋሽ ገብረየስ ከሥራቸው ያለውን ሥዕል ያያሉ፣ ዳሩን ያያሉ፣ ተመልሰው ሥዕሉን ያያሉ።

«ይሄ ሹምዬም በጀልባ ነው» አሉ። «የሚቀዝፍለትን ሰው ግን አልሣልክም።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ መሐል አናት ላይ ወጥታ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። የብሩህ መዳፍ ውሃ ቋጠረ። ላቡን ሊጠርግ ቀና ሲል የሹሙን ሐብል አየ። ወርቅ የነበረው ሐብል ውሃ የበዛበት ወተት መስሏል። መደቡን አየ፤ በየት በኩል እንደጀመረው ሳይታወቅ ነጥቷል። የጎመኑ ቅጠል ቡናማ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ እየለቀቀ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ቢጫውን በምን ነው የቀባኸው?»

«በእርድ።»

ጋሽ ገብረየስ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። አንድ አውሮፕላን ከሩቅ እየወረደ ነበር፤ እስኪወርድ ጠበቁት።

«አልጫ ወጥ የተደፋበት ነጠላ እናትህ ምን ታደርገው ነበር?»

«ታጥበዋለች።»

«እድፉ ይለቃል?»

«አይለቅም። ከዚያ… ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ እድፉን ፀሐይ ትበላዋለች። ይህን የማያውቅ የሐበሻ ልጅ የለም፤ ስምንት ወር መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያልታየው የእናቱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረየስ፣ «አንተ ፈርዖንን እንደ ነጠላ አሰጥተኸዋል።»

ጋቢውን እንዲያለብሱት ለመናቸው። ጋቢውን ለማንሳት ደግሞ መነሳት አለባቸው፤ ገና ቂጣቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግን አናኮስቲያ አለቀና ፖቶማክ እንደ ባሕር ተከፈተ። ነፋሱ በጎን መታቸው። ሰሌዳው ተነስቶ ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌው ዘጭ ብለው መለሱት። ከተነሱ ይበራል፤ ከተቀመጡ ይለቃል። ብሩህ ሸሚዙን አውልቆ በሹሙ ላይ ጣለ፤ ነፋሱ ሸሚዙን አንስቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዞት ሄደ። የቀረው በካናቴራ መቅዘፍ ነበር።

ቀዘፈ። አውሮፕላኖች በአናታቸው እያጓሩ ያልፋሉ፤ ክሪስታል ሲቲ ፎቆቿን ደርድራ ከቀኝ ትታያለች። ብሩህ ከነዚያ ፎቆች ሥር፣ ሦስተኛው ምድር ቤት ውስጥ፣ ባዶ ዳስ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ወደዚያ ባየ ቁጥር መቅዘፊያው ይፈጥናል። አንድ የቱሪስት መርከብ አልፎ የላከው ማዕበል ጀልባዋን እንደ ወንፊት ነፋት፤ ጭቃ ውሃ የዓሣዎቹን ሰማያዊ በአረንጓዴ ሸፈነው። ቀጥሎ ከየት መጣ የማይባል ደመና ለአምስት ደቂቃ ዘነበና ሄደ። የጀሶው አንድ ጥግ ተፈረፈረ። ብሩህ ለአንዱ ሲያዝን ሌላው ይደርሳል፤ ግብጽ ሦስት ሺህ ዓመት የፈጀባትን እሱ በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ነው። ጋሽ ገብረየስ ግን ዝናቡም ማዕበሉም ሲመጣ ከቦታቸው አንድ ጣት አልተነቃነቁም። «ተቀመጥ ተብያለሁ» ይላሉ።

አሌክሳንድሪያ ወደብ ሲደርሱ ለአራት ፒኤም ሩብ ጉዳይ ነበር። ጀልባ የምትመዘግበዋ ልጅ መጣች። ጋሽ ገብረየስ ፓስፖርታቸውን ገልጠው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ልጅቷ አየችው፤ ፈገግ አለችና ለጀልባ የሚለጠፈውን ቢጫ ወረቀት ፓስፖርቱ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፋ መለሰችላቸው። ሽማግሌው እጅ ነስተው ተቀበሉ።

ከቢሮው ደጅ ሆኖ ሰሌዳውን ያየው ቴዎድሮስ ከወደቡ ጫፍ እየሮጠ መጣ፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ። ብሩህን በካናቴራ፣ ሰሌዳውን በጭቃ ሲያይ ሐዘኑን ፊቱ ላይ ለማምጣት ትንሽ ታገለ።

«ወይኔ ብሩህዬ፣ ስንት ደከምክ! አልቋል እኮ፤ ኦፕኒንጉን በመብራቱ ምክንያት አስቀድመውት፣ እንግዳው በልቶ ሄዷል። ራይድ ልስጥህ?»

ብሩህ ሰሌዳውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። የሰው ቃል ማመን ልማዱ ነው። ጋሽ ገብረየስ ግን ጠጋ ብለው ቴዎድሮስን ከአገጩ እስከ ጣቱ አዩት።

«ጣትህን አሳየኝ እስቲ። ይሄ የጥብስ ቅቤ ገና አልረጋም። በልቶ የሄደ ሰው ቅቤው ይረጋል። አንሳ አንተ ልጅ!»

ብሩህ አነሳ። የቀኑ ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ፣ የኪንግ ስትሪትን ጡብ ሽቅብ ሲሮጡ ቴዎድሮስ ከፊት እየቀደመ በሩን ሊዘጋ ሞከረ፤ ሰሌዳው ግን ሁለት ሜትር ስለሆነ ጫፉ ከባለቤቱ ቀድሞ ገባ።

ውስጡ አርባ ያህል ሰው በወረቀት ያርገበግባል፤ መብራት ስለሌለ ኤሲው ሞቷል። ግድግዳው ላይ የቴዎድሮስ ላስቲክ ተወጥሯል፤ የደበዘዘ የመቃብር ሥዕል ፎቶ፣ ጥርት ብሎ የታተመ። ወይዘሮ ትህትና ወርቃማ ቀሚሷን እየጎተተች ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ላስቲኩ በሙቀቱ «ጭርርር» አለ። አንድ ጥጉ ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ከዚያ መላው ግብጽ ቀስ ብሎ ተገልብጦ፣ ሥሩ ሮጦ የቆመውን ቴዎድሮስን ከነጫማው አለበሰው።

ሰው ሁሉ ወደ ላስቲኩ ሲዞር ብሩህ ሰሌዳውን ባዶው ግድግዳ ላይ አስደገፈ።

የነጣ መደብ፣ ቡናማ ቅጠል፣ ግማሹ የጠፋ ዘንባባ፣ የተፈረፈረ ጥግ። ቀዩ የሹሙ ገላና ጥቁሩ ዓይኑ ብቻ፣ ምንም እንዳልሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ ጥፋት መሐል ያያሉ።

«ጥንታዊ!» አለች ወይዘሮ ትህትና በሹክሹክታ። «ብሩህዬ፣ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያስረጀኸው?»

መንገዱ ተከፍቶለት ነበር። «ጥበብ ነው» ብሎ ዝም ቢል ይበቃዋል፤ ዝምታ ደግሞ ያውቅበታል። ዞር ሲል ጋሽ ገብረየስ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩታል። ብሩህ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዱ ያለውን በሙሉ አወጣው።

አላስረጀሁትም አላቸው። ሲያልቅ ዓይን ይወጋ ነበር፤ ቢጫው እርድ ነው፣ ፀሐይ በላችው፤ አረንጓዴው ጎመን ነው፣ የቀረውን አጋዘን በላችው። ግን በግብጽም እንዲሁ ነው፤ ይሄ ቡናማ አረንጓዴ ነበር፣ ይሄ ነጭ ወርቅ ነበር፤ በጨለማ ተዘግቶ ሲኖር ደህና ነው፣ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ፣ የጎብኚው ላብና ትንፋሽ ይጨርሰዋል። እየጠቆመ ተናገረ፤ ቀዩ ለምን እንዳልተነካ፣ ጥቁሩ ለምን እንዳልሸሸ። አርባው ሰው ማርገብገቡን አቆመ። አንዲት አሮጊት ላቧ እንዳይነካው ብላ ወደኋላ ሸሸች።

የወይዘሮ ትህትና ልጅ ያኔት፣ እዚሁ የተወለደች ተማሪ፣ ከሰው መሐል ወጥታ ጎንበስ አለች። ከነጣው መደብ መሐል፣ ስምንት ወር የለፋበት ቢጫ እንዳለ ደምቆ የቀረበት ቦታ ነበር፤ አንድ ትልቅ ክብ፣ ሁለት እግሮች፣ ከጎናቸው አንድ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር።

«ዌይት፣ ይሄ ሂሮግሊፍ ነው?» አለች። «ዋት ደዝ ኢት ሴይ? ምን ይላል?»

ብሩህ ክቡን አየ፣ እግሮቹን አየ፣ ዱላውን አየ። ከዚያ ጋሽ ገብረየስን አየ፤ እሳቸው ደግሞ ጣሪያውን ያያሉ።

«‹ሽማግሌ እዚህ ተቀምጦ ነበር› ይላል።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ተከተላቸው፤ ከላስቲኩ ሥር እንኳ አንድ ድምፅ ሳቀ። ወይዘሮ ትህትና እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ሰባቱም ግድግዳ እንደዚሁ ይሁኑልኝ አለች፤ ግማሹ እንደዛሬው፣ ግማሹ እንደጥንቱ፣ ክቡም ሳይቀር።

ማታ መንገዱ ተከፍቶ በወይዘሮ ትህትና መኪና ሲመለሱ ጋሽ ገብረየስ ፓስፖርታቸውን ገልጠው ቢጫውን ወረቀት በጣታቸው ዳበሱ። ብሩህ ተሳቀቀና፣ የሄዱባት ከተማ ሌላዋ እስክንድርያ እንዳልሆነች ሊነግራቸው ጀመረ።

«ዝም በል» አሉት። «ደርሻለሁ፤ ማኅተም አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት ብሩህ ከመሬት በታች አልወረደም። አፓርትመንቱ ጓሮ፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ሣር ላይ፣ ሁለተኛው ሰሌዳ በእርድ ተቀብቶ ተሰጥቷል፤ ጋሽ ገብረየስም ጫማቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን አጋድመው፣ ሥራ ላይ ናቸው። ተቀምጠዋል።